የከሰል ሙቀት ከየት ይመጣል?

ደሴ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ከኮምቦልቻ ይልቅ ትበርዳለች። በቧንቧ ውሃም ሆነ በገጠሩ ማታ ማታ ምድጃ ይከበባል። ለመሆኑ ሙቀቱ ከየት መጣ?

ከሰል አብዛኛው ካርቦን ነው። በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ታምቆ የነበረው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ይህ ሙቀት ሰጪ ለውጥ ይባላል። ክብሪቱ ማስጀመሪያ ብቻ ነው። ሙቀት ወሳጅ ለውጥም አለ፤ የኖራ ድንጋይ ኖራ የሚሆነው እሳት ሳያቋርጥ ሲነድበት ነው።

አሁን ልብ በሉ! ቤቱ ተዘግቶ አየር ሲያንስ ከሰሉ በደንብ አይነድም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ካርቦኑ ወደዚህ ጋዝ ሲለወጥ ከሙሉ ሙቀቱ ሢሶውን እንኳ አይሰጥም። ጋዙ ጢስም ሽታም የለው፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ «ጢሱ ካለቀ አይጎዳም» አትበሉ። ከሰል ሲነድ በርና መስኮት ክፈቱ፤ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ደጅ አውጡ። ራሱን ያመመውን፣ ያጥወለወለውን ቶሎ ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጥታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም ይህን አንብቡለት።