«ማይ ኦውን ፕራይቬት አይዳሆ»፦ ለጓደኛ የተነገረ ፍቅር

ገስ ቫን ሳንት የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን «ማላ ኖቼ»ን ሲሠራ በእጁ የነበረው ገንዘብ 25,000 ዶላር ገደማ ነበር። ኒው ዮርክ በማስታወቂያ ድርጅት ተቀጥሮ ሲሠራ ያጠራቀመው የራሱ ጥሪት ነው። ፊልሙን የቀረጸው በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ፣ በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ነው። ታሪኩ የአንድ ሱቅ ሻጭ ነው፤ ከሜክሲኮ የመጣ ወጣት ወንድ ያፈቅራል፣ ወጣቱ ግን ፍቅሩን አይቀበለውም። በ1987 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ የፊልም ሃያስያን ማኅበር ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ውጭ ከተሠሩት መካከል ምርጡ ብሎ ሸለመው።

ዳይሬክተሩ እሱ ራሱ ወንድ አፍቃሪ መሆኑን አልደበቀም። ከዚያ በኋላ «ድራግስቶር ካውቦይ» በተባለው ፊልም ስሙ ሲጠራ ገንዘብ ያላቸው ኩባንያዎች ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱ። እሱ ግን ወደዚያው የአንድ ወገን ፍቅር ተመለሰ። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው «ማይ ኦውን ፕራይቬት አይዳሆ» በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሠራ ነው። በዚያ ዘመን አንድ መደበኛ የሆሊውድ ፊልም ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይፈጅ ስለነበር፣ ይህ ለብዙ አምራቾች የአንድ ተዋናይ ደመወዝ እንኳ አይሆንም። ሆኖም ስለ ወንድ ለወንድ ፍቅር ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ የዚህን ያህል እውነት የሚናገር ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ።

ማይክ ዋተርስና ስኮት ፌቨር በፖርትላንድ ጎዳናዎች ገላቸውን ለወንዶች እየሸጡ የሚኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። ማይክን የተጫወተው ሪቨር ፊኒክስ ነው፤ ስኮትን ደግሞ ኪያኑ ሪቭስ። ማይክ ናርኮሌፕሲ የተባለ ሕመም አለበት። ሲጨነቅ ወይም ስሜቱ ሲነካ ባለበት ቦታ፣ አስፋልት ላይም ቢሆን፣ እንቅልፍ ይጥለዋል። በተኛ ቁጥር ልጅ ሳለ ጥላው የሄደችው እናቱና አንድ የአይዳሆ ቤት በሕልሙ ይመጡበታል። ያለ ጓደኛው ቢሆን ኖሮ የትም ወድቆ በቀረ ነበር፤ ተሸክሞ ከመንገድ የሚያነሳው፣ ጭንቅላቱን ጭኑ ላይ የሚያስተኛው ስኮት ነው።

ስኮት ግን የከተማው ከንቲባ ልጅ ነው። ጎዳና የወጣው ወዶ፣ አባቱንም ለማስቆጣት ብሎ ነው። 21 ዓመት ሲሞላው ውርሱን ተረክቦ፣ ልብሱን ቀይሮ ወደ ቤተሰቡ እንደሚመለስ ከመነሻው ያውቃል። ይህን የታሪኩን ክፍል ቫን ሳንት የወሰደው ከሼክስፒር «ሄንሪ አራተኛ» ነው፤ ከሰካራሞችና ከሌቦች ጋር እየዋለ ቀኑ ሲደርስ የካዳቸው አልጋ ወራሽ ማለት ነው። ባዶ ሕንፃ ውስጥ የሚያድሩት ልጆችና አለቃቸው ቦብ በድንገት በሼክስፒር ዘዬ መነጋገር ሲጀምሩ ብዙ ተመልካች ግራ ይጋባል። እውነቱን ለመናገር የፊልሙ ደካማ ጎን እሱ ይመስለኛል። አንዳንዱ ንግግር ከአፋቸው የወጣ አይመስልም። ቢሆንም ያለዚያ ክፍል የሁለቱን ልጆች ልዩነት ማየት ይከብድ ነበር። ስኮት በፈለገ ጊዜ የሚወጣበት በር አለው፤ ማይክ የለውም። የማይክ ፍቅር ተስፋ ያጣው ስኮት ሴት የሚወድ በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ስኮት እዚያ ሕይወት ውስጥ እንግዳ ስለሆነም ጭምር ነው።

የፊልሙ ልብ ያለው ግን ከተማው ውስጥ አይደለም። ሁለቱ የማይክን እናት ፍለጋ በሞተር ብስክሌት ወደ አይዳሆ ሲጓዙ ይመሽባቸዋል፤ ሜዳ ላይ እሳት ያነዳሉ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ይህ ትዕይንት አጭር ነበር፤ የማይክም ፍላጎት የሰለቸው ልጅ ያመጣው ነገር እንጂ ፍቅር ተብሎ የሚጠራ አልነበረም። ለውጡን ያመጣው ፊኒክስ ነው። በወቅቱ ዕድሜው 20 ነበር። ንግግሩን ራሱ እንደገና ጻፈው፤ አስፍቶም የገጸ ባሕርዩ ዋና ትዕይንት አደረገው። ዳይሬክተሩም እንዳለ ተቀበለው። አንድ ተዋናይ የተሰጠውን ቃል ትቶ የራሱን ጽፎ ሲመጣ እሺ የሚል ዳይሬክተር በቀላሉ አይገኝም፤ የዚህ ፊልም ዕድል እዚያ ላይ ነው።

ማይክ ጉልበቱን አቅፎ፣ ዓይኑን እሳቱ ላይ ተክሎ ተቀምጧል። በመጀመሪያ የሚጠይቀው መነጋገርን ነው፤ እንዲሁ ማውራት ሳይሆን ከልብ መነጋገር። ወዳጁ አጠገቡ ሆኖ ሩቅ እንደሆነበት ይነግረዋል። ስኮት ተጋድሞ ያዳምጣል፤ የልብ ጓደኛዬ ነህ ይለዋል። ማይክ ይህም ጥሩ መሆኑን ያምናል፣ ግን ሌላ ነገር ለማለት ነበር የጀመረው። ስኮት ከወንድ ጋር የሚተኛው ለገንዘብ ብቻ እንደሆነ፣ ሁለት ወንዶችም ሊፋቀሩ እንደማይችሉ ሲናገር፣ ማይክ እየተንተባተበ ያቋርጠዋል። እሱ ያለ ክፍያም ሰው መውደድ ይችላል። እወድሃለሁ ይለዋል፤ አንተ ደግሞ አትከፍለኝም ይለዋል። ልስምህ እፈልጋለሁ ካለ በኋላ መልሱን ሳይጠብቅ ደህና እደር ብሎ ፊቱን ይሰውራል።

ስኮት አይቆጣም፤ አይስቅበትምም። ና፣ እንተኛ ብሎ ይጠራዋል፤ ያቅፈዋል፤ ፀጉሩን ይዳስሰዋል። ያለው ይህን ያህል ነው፣ ያለውንም ሰጥቷል። ተመልካቹ ማንንም መጥላት አይችልም። ጓደኛውን ያፈቀረና አፉን አውጥቶ የተናገረ ሰው፣ ወንድም ሴትም ቢወድ፣ ያንን እቅፍ ያውቀዋል፤ ደግነቱ ራሱ ያማል።

ስለ ወሲቡ የሚሰጋ ተመልካች ይኖራል። ፊልሙ ለአዋቂዎች ነው፤ ልጆች አጠገብ የሚከፈት አይደለም። ነገር ግን ቫን ሳንት የመኝታ ትዕይንቶቹን እንደ ተከታታይ ፎቶግራፍ ነው ያሳየው። ተዋናዮቹ ሳይንቀሳቀሱ እንደቆሙ ይቀረጻሉ፤ ምስሉ በማሽን የቆመ አይደለም፣ ልብ ብሎ ላየ ትንፋሻቸው ይታያል። ገንዘብ ያለበት ወሲብ እንዲህ በድን ሆኖ ይታያል፤ ንክኪ ብቻ ያለበት የእሳቱ ዳር ሌሊት ግን ሕይወት አለው። ቡና ቤት ውስጥ ተቀምጠው ስለ ሥራቸው ከሚናገሩት ልጆች መካከልም የፖርትላንድን ጎዳና በእርግጥ የኖሩበት አሉ። እነሱ ሲናገሩ ካሜራው ዝም ብሎ ያዳምጣል።

ፍለጋው ሁለቱን እስከ ጣሊያን ይወስዳቸዋል። እናትየው የለችም፤ ስኮት ግን እዚያ ካርሜላ የተባለች ልጅ ያፈቅርና ማይክን ጥሎት ከእሷ ጋር ይሄዳል። ፖርትላንድ ላይ እንደገና ስናየው ሱፍ ለብሷል። አንድ መቃብር ቦታ ላይ ሁለት ቀብር በአንድ ጊዜ ይፈጸማል፤ በአንድ በኩል የከንቲባው፣ ስኮት ከባለሥልጣናት ጋር ወንበር ላይ ተቀምጧል። በሌላ በኩል ስኮት የካደው የቦብ ቀብር ነው፤ የጎዳናዎቹ ልጆች እየጮኹ፣ እየጨፈሩ ይቀብሩታል። ማይክ ከእነሱ ጋር ሆኖ ወዲያ ማዶ ያያል። ሁለቱ አንድ ቃል አይለዋወጡም። ስለ መደብ ልዩነት ረጅም ንግግር የሚያደርጉ ፊልሞች ከዚህ አጭር መተያየት ብዙ ሊማሩ ይችላሉ።

ፊኒክስ በዚህ ሥራው በ1991 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይነትን ቮልፒ ዋንጫ ወሰደ። በአሜሪካ የነጻ ፊልሞች ሽልማትም የምርጥ ወንድ ተዋናይ፣ የምርጥ ድርሰትና የምርጥ ሙዚቃ ሽልማቶች ለፊልሙ ተሰጡ። ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በጥቅምት 1993 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ፊኒክስ በ23 ዓመቱ ሎስ አንጀለስ ላይ ሞተ። ቫን ሳንት በኋላ «ጉድ ዊል ሃንቲንግ»ንና «ሚልክ»ን የመሳሰሉ፣ ብዙ ገንዘብ የወጣባቸውና ብዙ ሕዝብ ያያቸው ፊልሞች ሠርቷል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ይህኛው ግን ይበልጣቸዋል።

ለማየት የምታስቡ ካላችሁ፣ ከቻላችሁ በ«ማላ ኖቼ» ጀምሩ፤ ዳይሬክተሩ ያለ ገንዘብ ምን ማድረግ እንደሚችል ታያላችሁ። ከዚያ ወደ «አይዳሆ» እለፉ። የሼክስፒሩ ክፍል ቢያሰለቻችሁም አታቋርጡት። ሁለቱ እሳት ዳር ሲቀመጡም ድምፁን ከፍ አድርጉት፤ ፊኒክስ አብዛኛውን የሚናገረው ዝቅ ባለ ድምፅ ስለሆነ አንዲትም ቃል እንዳታመልጣችሁ።