ሕፃን አዝላ ወደ ላሊበላ የምትጓዝ እናት እና የመንገድ ዳር አጥቢያዎች ድርሻ

በየዓመቱ ጾመ ነቢያት ሲጋመስ ከልዩ ልዩ አህጉረ ስብከት ወደ ቅዱስ ላሊበላ የሚያመሩ ምእመናን መንገዱን ይሞሉታል። ብዙዎቹ በተሽከርካሪ ቢመጡም፣ ታኅሣሥ 29 ቀን በቤተ ማርያም የሚዘመረውን «ቤዛ ኵሉ» ለመስማት ቀናት በእግራቸው ተጉዘው የሚደርሱት ዛሬም ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህም መካከል ሕፃን በአንቀልባ ያዘሉ እናቶች ይገኛሉ። «ሕፃን ይዛ ለምን ትመጣለች?» ሲባል እንሰማለን። መልሱ ብዙ ጊዜ ስለት ነው፤ ልጅ ለማግኘት ስትለምን የኖረች እናት ያገኘችውን ልጅ ቤት ትታ ስለቷን ልትፈጽም አትወድም። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያችን ጥያቄ መሆን ያለበት፣ ሕፃኑ በሰላም ደርሶ እንዲመለስ አጥቢያችን ምን ያዘጋጅ የሚለው ነው።

ይህን ጉዳይ የተረዳሁት በራሴ ቤት በደረሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴ ጋር የሰባት ወር ሴት ልጃችንን ይዘን በእግር ስንጓዝ፣ በሁለተኛው ቀን ልጅቱን ተቅማጥ ያዛት። ወደ ማታ ስታለቅስ እንባ አልነበራትም። መጀመሪያ ባገኘነው ቤተ ክርስቲያን የውኃ ማጠራቀሚያው ባዶ ነበር፤ አዳራሹም ተቈልፎ፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ገበያ ወርዷል። በጨለማ ተጉዘን በደረስንበት በሚቀጥለው አጥቢያ ግን የማኅበሩ እናቶች አፍልተው ያቀዘቀዙት ውኃ ነበራቸው። አንዲት እናት ከጤና ኬላ የተቀበለችውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጣ በማንኪያ ታጠጣት ጀመር። ባለቤቴ እያጠባች፣ እኛም በማንኪያ እየሰጠን አደርን። ሲነጋ ልጅቱ ሸናች፤ ያን ጊዜ እፎይ አልን። ሁለቱ አጥቢያዎች በሀብት የሚበላለጡ አልነበሩም።

ሕፃኑን የሚጎዳው ምንድን ነው?

የሕፃን አካል ትንሽ ስለ ሆነ፣ ዐዋቂ ሰው የሚችለው የፈሳሽ ማነስ ለእርሱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ለሕይወት አስጊ ይሆናል። የእንባ መጥፋት፣ የሽንት መቀነስ፣ የዓይንና የእርግብግቢት መሰርጎድ፣ እንዲሁም መፍዘዝና ጡት አለመያዝ ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን በፀሐይ ጉዞም ቢሆን ከእናቱ ጡት በቀር ውኃ አያስፈልገውም። መጠጣት የሚገባት እናቲቱ ናት፤ ባጠባች ቁጥር አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ታግኝ። ካህናትም ለእንዲህ ያለ ሕፃን ጸበሉን ከማጠጣት ይልቅ ቢረጩት መልካም ነው።

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ የታኅሣሥ ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ብርድ ነው። ሕፃኑ በእናቱ ገላ ተጠግቶ፣ ራሱ ተሸፍኖ፣ አፍና አፍንጫው ግን ተገልጦ ይደር። ብርዱን ፈርቶ የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን ወይም ወደተዘጋ ክፍል ማስገባት ግን እጅግ አደገኛ ነው፤ ከከሰሉ የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝ ሰውን በእንቅልፉ ሳለ ይገድላል።

አጥቢያው ምን ያዘጋጅ?

1. ንጹሕ ውኃ፦ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ውኃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ በሌለበት «ውኃ አጋር»ን የመሰለ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ይጨመር። ውኃው ክዳንና ቧንቧ ባለው ዕቃ ይቀመጥ።

2. የእናቶች ማረፊያ፦ ከአዳራሹ አንድ ጥግ በመጋረጃ ይከለል። ከበዓሉ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ቁልፉን የሚይዝ፣ ከስፍራው የማይለይ ሰው በስም ይመደብ።

3. ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፦ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር አስቀድሞ በመነጋገር ይዘጋጅ። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ የሚበጠበጠው ከረጢት በአንድ ሊትር ብቻ ይበጥበጥ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋ። ጡት ማጥባቱ አይቋረጥ።

4. መጸዳጃና የእጅ መታጠቢያ፦ ሳሙና ቢጠፋ ዐመድ ያገለግላል።

5. የመላኪያ ዝግጅት፦ ከላይ የተጠቀሱት ምልክቶች የታዩበት ሕፃን ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲደርስ፣ ተሽከርካሪ ያለው ሰው ስልክ ቁጥር በግድግዳ ይለጠፍ።

የካህናት ምክር

ጾሙን ጾማ በእግሯ እየተጓዘች የምታጠባ እናት ድካሟን መናገር ታፍራለች። ስለዚህ የንስሐ አባት እርሷ እስክትጠይቅ ሳይጠብቅ፣ ከጉዞው በፊት እንደ አቅሟ የሚሆነውን ሥርዓት ይንገራት። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ያላት እናትም የ40 ወይም የ80 ቀኑ በዓል እስኪያልፍ ጉዞዋን እንድታቆይ ይምከራት። በበዓሉ ዕለትም ዲያቆናት እናቶችን ከዐለቱ አፋፍና ከጠባቦቹ መተላለፊያዎች ግፊያ ርቀው እንዲቆሙ ይርዷቸው።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ወርኀ ጽጌ፣ እመቤታችን ሕፃኗን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን በማኅሌት እናስባለን። ማኅሌቱ ሲፈጸም እስከ ገና ያለው ጊዜ ሁለት ወር አይሞላም። በዚያው ሰሞን የሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ቁልፍ ያዡንና ውኃ አፍዪዎቹን ቢመድብ፣ ሕፃን አዝላ በደጃችን የምታልፈው እናት የምታርፍበት ታገኛለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።