ታካሚው ከሞተ በኋላም የኖረው ጽሑፍ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 አንድ ኤርትራዊ ወጣት ስቶክሆልም በሚገኘው የካሮሊንስካ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ። አይስላንድ ውስጥ የሥነ ምድር ትምህርቱን ሲከታተል ነበር የትንፋሽ ቧንቧውን ዕጢ የያዘበት። ጣሊያናዊው ሐኪም ፓውሎ ማኪያሪኒ የታመመውን ቧንቧ ቆርጦ አወጣና፣ ከታካሚው የተወሰዱ ግንደ ሕዋሶች የተዘሩበት ሰው ሠራሽ ቧንቧ ተካለት። ቧንቧው አስቀድሞ በእንስሳት ላይ አልተሞከረም ነበር።

ታዋቂው የሕክምና መጽሔት ላንሴት በኅዳር ወር ውጤቱን አሳተመ፤ ታካሚው ከአምስት ወር በኋላ ደህና ነው የሚል ነበር። ጽሑፉ ለተከታዮቹ ቀዶ ሕክምናዎች እንደ መተማመኛ አገለገለ። በ2012 ክራስኖዳር፣ ሩሲያ ውስጥም ተመሳሳይ ቧንቧ ተተከለ። ኤርትራዊው ግን በጥር 2014 ሞተ።

በዚያው ዓመት አራት የካሮሊንስካ ሐኪሞች የታካሚዎቹን መዝገብ ከታተሙት ጽሑፎች ጋር አስተያይተው አቤት አሉ። መዝገቡ የሚናገረው ሌላ፣ ጽሑፉ የሚለው ሌላ ነበር። ምስጋና ሲገባቸው፣ መዝገቡን ያለ አግባብ ከፍታችኋል ተብለው ተወነጀሉ።

አንድ የሳይንስ መጽሔት እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲደርሰው ምን ያደርጋል? የሆስፒታል መዝገብ የማስከፈት ሥልጣን የለውም። ደራሲዎቹን መልስ ይጠይቃል፤ መልሱ ካላጠገበው ጉዳዩን ለቀጣሪው ተቋም ይመራል። በ1997 የተመሠረተው የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ ኮፕ፣ የሚያዘውም በዋናነት ይህንኑ ነው። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ ምርመራው የሚሰጠው ጥፋቱ ቢረጋገጥ ስሙ ለሚጎድፈው፣ ገንዘቡ ለሚነጥፈው ተቋም ነው።

የማኪያሪኒ ቀጣሪ የነበረው ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ከውጭ መርማሪ ጠራ። ፕሮፌሰር ቤንግት ጌርዲን በግንቦት 2015 የምርምር ሥነ ምግባር ጥሰት መፈጸሙን አረጋገጡ። የኢንስቲትዩቱ ኃላፊ አንደርሽ ሃምስቴን ግን በነሐሴ ወር ይህን መደምደሚያ ውድቅ አድርገው ማኪያሪኒን ነጻ አሉ። ላንሴትም ተከትሎ በርዕሰ አንቀጹ ሰውየው ጥፋተኛ አለመሆኑን አወጀ።

ይህን ርዕሰ አንቀጽ ማንም አላስገደደውም። መዝገብ መመርመር የማይችል መጽሔት ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ወይም ጽሑፉ አጠያያቂ መሆኑን ለአንባቢ የሚያሳውቅ ማስጠንቀቂያ ከአጠገቡ ማኖር ይችል ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥፋተኝነትን ማረጋገጥ ሳይሆን የጠለቀ ጥርጣሬ መኖሩ ብቻ ነው። ራሱ መርማሪው ጥፋት አለ ካለ በኋላ ከዚህ የበለጠ ምን ጥርጣሬ ይጠበቅ ነበር?

ማስጠንቀቂያው የመጣው በ2016 ነው፤ ያውም የስዊድን ቴሌቪዥን በጥር ወር ስለ ጉዳዩ ዘጋቢ ፊልም አሳይቶ አገር ከተነጋገረ፣ ሃምስቴንም ሥልጣናቸውን ከለቀቁ በኋላ። ኢንስቲትዩቱ በሰኔ 2018 ጉዳዩን እንደገና አይቶ ማኪያሪኒንና ሌሎች ስድስት ተመራማሪዎችን ጥፋተኛ አለ። ላንሴትም የ2011ዱን ጽሑፍ በተከታዩ ወር ሰረዘ። አቤቱታው ከቀረበ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። በካሮሊንስካ ቧንቧው ከተተከለላቸው ሦስት ታካሚዎች አንድም በሕይወት አልነበረም።

የሁሉ መነሻ የነበረው የ2008ቱ ጽሑፍ፣ ባርሴሎና ውስጥ ከሟች በተወሰደ ቧንቧ ስለተደረገው ተከላ የሚያወሳው፣ ያኔም አልተነካም። ላንሴት እሱን የሰረዘው በጥቅምት 2023 ነው። የስቶክሆልም ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሦስቱ ታካሚዎች ላይ ለደረሰው ጉዳት በማኪያሪኒ ላይ የሁለት ዓመት ከመንፈቅ እስራት ከፈረደ አራት ወር አልፎ ነበር።