አምባሰል፦ አገሩ፣ ዘፈኑና ቅኝቱ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው፣ ሸዋንና ወሎን በሚያገናኘው መንገድ ላይ ለሚኖረውም ሆነ ለሚመላለሰው ሰው አምባሰል የተባለው ዘፈን እንግዳ አይደለም። ሆኖም በዚሁ ስም የሚጠሩት ነገሮች ከአንድ በላይ ስለሆኑ፣ ስለ አንዱ ሲወራ ሌላው እየተተካ አድማጭን ማደናገሩ የተለመደ ነው።

ስሙ በመጀመሪያ የአገር ስም ነው። አምባሰል ከደሴ በስተ ሰሜን የሚገኝ ተራራማ የደቡብ ወሎ ወረዳ ሲሆን፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር የተዋዋሉባት ውጫሌ፣ እንዲሁም መስከረም 21 ቀን ብዙ ምእመናን የሚሳለሙት ግሸን ማርያም በዚሁ አካባቢ ይገኛሉ። የአምባሰል ገዥዎች «ጃንጥራር» በሚባል ለአገሩ በተለየ ማዕረግ ይጠሩ የነበረ ሲሆን፣ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ከእነዚሁ መካከል ነበሩ።

የሕዝብ ዘፈኑ ስሙን ያገኘው ከዚህ አገር ነው። ዜማው የታወቀ ቢሆንም ግጥሙ አንድና ቋሚ አይደለም፤ ዘፋኙ ስለ ፍቅር፣ ስለ ናፍቆትና ስለ አገር የሚያውቀውን ወይም እዚያው የፈጠረውን ስንኝ በክራር ወይም በመሰንቆ ታጅቦ ያስገባበታል። ከዘመናችን ድምፃውያን ስሟ ከዚህ ዘፈን ጋር አብሮ የሚነሳው ማሪቱ ለገሠ ናት።

ከሁሉ ይልቅ ማብራሪያ የሚሻው ቅኝቱ ነው። ቅኝት ማለት አንድ ዜማ የሚሠራባቸው ድምፆች ስብስብና በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲሆን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት አራቱ ዋና ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ድምፆች አሏቸው፤ አራቱም በዘፈን ስም መጠራታቸው፣ ከእነዚህም ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም መሆናቸው ሊስተዋል ይገባል። በአምባሰል ከመነሻው እስከ ሁለተኛው ድምፅ ግማሽ፣ ከዚያ እስከ ሦስተኛው ሁለት፣ ቀጥሎ አንድ፣ ከዚያም ግማሽ ድምፅ ርቀት አለ፤ ከአምስተኛው ወደ መነሻው ለመመለስ ደግሞ ሁለት ድምፅ ይቀራል። ለጆሮ የሚሰማው ያ የተጨነቀ፣ ሆድ የሚያባባ ቃና በአብዛኛው የሚመጣው ከመነሻው አጠገብ ከተጠጋው ከዚህ ግማሽ ድምፅ ነው።

ሙዚቀኞች «ትዝታ ማይነር» የሚሉት ቅኝት አራተኛው ድምፅ መነሻ ቢደረግ የሚገኘው አምባሰል ነው፤ አምስቱ ድምፆች እነዚያው ሆነው ዜማው የሚያርፍበት ብቻ ስለሚለወጥ ያልለመደ ጆሮ ሁለቱን ቢያቀላቅል አይፈረድበትም። የጃፓን ባህላዊ ሙዚቃም ይህንኑ ርቀት የያዘ ባለ አምስት ድምፅ ስልት ስላለው፣ ኮቶ የተባለው የክር መሣሪያቸው ሲመታ ኢትዮጵያዊ አድማጭ የሚያውቀው ነገር የሰማ ሊመስለው ይችላል፤ ይህ ግን ዝምድናን አያስረዳም።

ስሙ ከዚህም አልፎ ለሙዚቃ ቤትና ለንግድ ድርጅት መጠሪያ ሆኗል። ከማደናገር የሚያድነው ግን ዘፈኑን ከቅኝቱ መለየት ነው፤ አምባሰል የተባለው ዘፈን አንድ ሲሆን፣ በአምባሰል ቅኝት ግን ማንም ደራሲ የፈለገውን ያህል ዜማ ሊደርስ፣ በፒያኖም ሆነ በሳክስፎን ሊያስጫውት ይችላል፤ ግጥሙም ስለ ወሎ ተራራ አንዲት ቃል እንኳ ላያነሳ ይችላል።