ስለ «ስጎ» እና ስለ «ማቁላላት»

ኢጣልያ ጎንደርን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በያዘችበት ዘመን የገባው «ፒያሳ» የሚለው የሰፈር ስም እስከ ዛሬ ይጠራል። «ፓስታ»ንና «ስጎ»ንም የተዋስናቸው ከዚሁ ቋንቋ ነው። ይሁን እንጂ «ስጎ» በአማርኛ ሲነገር ቲማቲም ይታሰባል። የናፖሊው «ጄኖቬዜ» ግን የበሬ ሥጋ ከብዙ ሽንኩርት ጋር፣ ያለ ቲማቲም፣ በመለስተኛ እሳት ለሰዓታት የሚበስልበት የፓስታ ማባያ ነው፤ ተርጓሚው በደፈናው «ስጎ» ቢለው አንባቢውን ያሳስታል። ሽንኩርቱ «ይጠበሳል» ቢባል እሳቱ ይበረታል፤ «ይቀቀላል» ቢባል ውሃው ይበዛል። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት የምታቁላላ የጎንደር ባለሙያ ግን አሠራሩን ታውቀዋለች። ስለዚህ ሽንኩርቱ «ይቁላላል»፣ ከሥጋው ጋርም «ይንተከተካል» ማለት ይገባል። የምግቡ ስም ከውጭ ቢመጣም የአሠራሩ ግስ ከቤት አለ።