ስርዝ ድልዝ ያለበት ደብተር

«ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም።» ከጨረታ ማስታወቂያ እስከ ቀበሌ ፎርም ይህን ያላነበበ ሰው ያለ አይመስለኝም። ለጨረታ ተገቢ ነው፤ ዋጋው የተደለዘ ወረቀት ማን ያምናል? ችግሩ ደንቡ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ክፍል ውስጥ መግባቱ ነው። የአማርኛ ድርሰት ሳስተምር አንድ ቃል የተሳሳተ ተማሪ ገጹን ቀድዶ ከሀ ይጀምር ነበር። ፍሉድ ያለው ልጅ ደግሞ እንደ ሀብታም ይታይ ነበር። ስለ ክለሳ የምንሰማቸው ብዙዎቹ ተረቶች የተወለዱት ከዚህ ከንጹሕ ደብተር ፍቅር ነው።

«ክለሳ ማለት የፊደል ግድፈት መልቀም ነው»

ሥር የሰደደው ይሄ ነው፤ እኛ መምህራንም እናምነዋለን። ክለሳውንም፣ አርትዖቱንም፣ እርማቱንም በአንድ ከረጢት እንከታቸዋለን። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ክለሳ ከሐሳቡ ጋር የሚደረግ ትግል ነው፤ ምን ልል ነበር? ምን ዘለልኩ? ይሄ አንቀጽ እዚህ ምን ይሠራል? አርትዖት ዓረፍተ ነገሩን ያቃናል። እርማት ፊደሉንና ሥርዓተ ነጥቡን ይለቅማል፤ እሱም መጨረሻ ላይ። ነገ የሚፈርስ ግድግዳ ዛሬ ቀለም አይቀባም።

አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ «የማይረሳኝ ቀን» በሚል ርእስ እንዲህ ጻፈ፦ «ጥር 11 ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ቁርሴን በላሁ። ከቤተሰቤ ጋር ጃንሜዳ ሄድን። ብዙ ሕዝብ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ጠፋ። ከዚያ ተገኘ። ወደ ቤት ተመለስን። በጣም ደስ የሚል ቀን ነበር።»

ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ቢቀርቡት የሚታረም ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ፊደሉ ልክ ነው፤ አራት ነጥቡም ቦታ ቦታውን ይዟል። ከ10 8 ሰጥቼ ልሸኘው እችል ነበር። ከእሱ በፊት ስንቱን እንዲያ አድርጌ ሸኝቻለሁ!

«ወንድምህ ለምን ያህል ጊዜ ነው የጠፋው?» አልኩት።

«ሁለት ሰዓት ይሆናል ቲቸር።»

«የት ተገኘ?»

«ሎሚ ከሚሸጡ ልጆች ጋር። ቁጭ ብሎ ሎሚ እየቆጠረላቸው።»

«እናትህስ?»

ትንሽ ዝም አለ። «ነጠላዋ መሬት ወድቆ አላወቀችም» አለኝ።

በሁለተኛው ረቂቅ ፊት መታጠብ የለም፤ ቁርስም የለም። የሚጀምረው «እጁ ከእጄ መቼ እንደወጣ አላውቅም» ብሎ ነው። «ደስ የሚል ቀን» የምትለዋም ተሰርዛለች። አንድ ነገር ግን ልናዘዝ፤ ይሄኛው ረቂቅ ከመጀመሪያው ይልቅ በፊደል ስህተት የተሞላ ነበር። አዲስ ሐሳብ አዲስ ስህተት አስከትሎ ይመጣል። ገና በዚያን ሰዓት ቀይ እስክሪብቶ ባወጣሁ ኖሮ ልጁ ወደ ቁርሱ ይመለስ ነበር።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ናንሲ ሶመርስ በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት 20 ጀማሪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከ20 ልምድ ካላቸው ጸሐፊዎች ጋር አስተያይታለች። ተማሪዎቹ ክለሳን ያዩት እንደ ቃል ለውጥ ነው፤ የተደጋገመ ቃል ያድናሉ፣ አንዱን በሌላ ይተካሉ። ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎች ግን አንባቢያቸውን እያሰቡ በቅድሚያ የሚፈልጉት የክርክራቸውን ቅርጽ ነበር። እንግዲህ የጃንሜዳው ልጅ ሰነፍ አልነበረም። ያስተማርነውን ነው የሠራው።

«ጎበዝ ደራሲ አንዴ ጽፎ ይጨርሳል»

ኧርነስት ሄሚንግዌይ «ኤ ፌርዌል ቱ አርምስ» የተባለውን ልቦለዱን መጨረሻ 39 ጊዜ እንደጻፈው ለፓሪስ ሪቪው መጽሔት ተናግሮ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው እትም የሞከራቸውን መጨረሻዎች ሰብስቦ ሲያሳትም 47 ሆነው ተገኙ። ሰውዬው አሳንሶ ነው የተናገረው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የቅኔ ተማሪ ከሰው ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ቤቱን፣ ምሥጢሩን፣ ሰምና ወርቁን መርምረው ያቃኑለታል፤ አልሆን ሲል ይመልሱታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በቃል ስለሆነ የተሰረዘው አይታይም፤ በማኅሌት የሚሰማ ሰው ቅኔው በአንድ ትንፋሽ የፈሰሰ ይመስለዋል። በእርግጥ እዚያው ቆሞ የሚዘርፍ ሊቅ አለ። ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ስንት ጊዜ እንደተመለሰበት ግን እሱን መጠየቅ ነው።

«ሁሉንም ያላቀላ መምህር አላስተማረም»

ወላጅም ርእሰ መምህርም የሚወዱት ተረት ነው፤ ገጹ ከቀላ መምህሩ ለፍቷል። እስቲ እናስላው፤ 60 ደብተር በ10 ደቂቃ 10 ሰዓት ነው፤ ያውም ለአንድ ክፍል ብቻ። ተማሪው ደግሞ ደብተሩ ሲመለስለት የሚያየው ማርኩን ነው።

ተመራማሪው ጆን ትራስኮት በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ በሁለተኛ ቋንቋ ድርሰት ክፍሎች የሰዋስው እርማት ጨርሶ ይቅር እስከማለት ደርሷል። ዳና ፌሪስ በ1999 እ.ኤ.አ. መልስ ሰጠችው፤ በደንብ የተመረጠና ግልጽ እርማት ይጠቅማል ባይ ናት። እኔ ወደ እሷ አደላለሁ። በአንድ ዙር አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ እመርጣለሁ። የ«ሰ»ና «ሠ»፣ የ«ሀ»፣ «ሐ»ና «ኀ» ጣጣ ግን የመጀመሪያው ዙር ላይ ባይነሣ እመርጣለሁ፤ ሊቃውንቱ ራሳቸው ያልጨረሱትን ክርክር በ9ኛ ክፍል ልጅ ደብተር ላይ ምን አመጣው? አንዱን አጻጻፍ ይዞ እስከ መጨረሻ ከዘለቀበት ይበቃኛል።

የቀረውን ሸክም ለልጆቹ ማካፈል ይቻላል። «ተማሪ ተማሪን ምን ያርማል?» ይባላል። ማረምማ አይችል ይሆናል፤ ግራ መጋባት ግን ይችላል፤ ለክለሳ የሚፈለገውም እሱ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ደብተር ይለዋወጣሉ፤ አንባቢው እስክሪብቶ አይዝም። «እዚህ ጋ ጠፋብኝ»፣ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብቻ ነው የሚለው። ተመራማሪዎቹ ስቲቭ ግራሃምና ዶሎረስ ፔሪን ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ስላለው የጽሑፍ ትምህርት የተደረጉ ጥናቶችን በ2007 እ.ኤ.አ. አጠናቅረው ሲያዩ፣ ተማሪዎች አብረው ማቀዳቸው፣ መጻፋቸውና መከለሳቸው በጎላ ሁኔታ ጠቅሟል፤ ሰዋስውን ለብቻው ነጥሎ ማስተማር ግን ጽሑፋቸውን አላሻሻለም።

«በዓይን ማየት ይበቃል»

ለአማርኛ አይበቃም። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ገና አልደረሰም» የሚለውን ጸሐፊው በልቡ አላልቶ ጽፎት አንባቢው አጥብቆ ሊያነበው ይችላል፤ አንደኛው መንገደኛ ይጠብቃል፣ ሌላኛው በዓል። ግሳችንም ማሰሪያ ሆኖ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ ረጅም ዓረፍተ ነገር ጮክ ተብሎ ሲነበብ ትንፋሽ ግሱ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ትንፋሽ ያለቀበት ቦታ ላይ ልጆቹ በእርሳስ ጭረት ያደርጋሉ። ከማውቃቸው የአርትዖት መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹ ይሄ ነው።

በዓመቱ መጨረሻ የጃንሜዳው ልጅ አባት ትምህርት ቤት መጡ። ደብተሩን ብብታቸው ሥር ይዘውታል። «መምህር፣ ልጄ ንጹሕ ደብተር ነበረው፤ ምን ነክቶት ነው እንዲህ ያበላሸው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቀስት፣ ጭረት፣ በኅዳግ ላይ የተጨመረ፣ ሙሉ ለሙሉ የተሰረዘ ገጽ ሁሉ ነበረበት። ሦስተኛውን ረቂቅ ገልጬ ሰጠኋቸው። እንደቆሙ አነበቡት። ሁለተኛ አነበቡት።

«ነጠላዋ መውደቁን» አሉ፣ «እኔም አላየሁም ነበር።»