ሠንጠረዥ፦ ተራ የማይጠበቅበት ጦርነት

በነቀምቴ፣ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ በረንዳ ላይ ዳማ የሚጫወቱ ወጣቶችን ያላየ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። የአንደኛው ሠራዊት ፊቱን ወደ ላይ ያደረገ ቆርኪ፣ የሌላኛው ደግሞ የተገለበጠ ቆርኪ ነው። አንዱ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ለመሆኑ በሰሌዳ ላይ የሚካሄድ ጦርነት ሁልጊዜ በተራ መሆን አለበትን?

በቀድሞው ዘመን በአገራችን መኳንንት ዘንድ ይዘወተር የነበረው ሠንጠረዥ እንዲህ አልነበረም። (ዛሬ ተማሪው ቃሉን የሚያውቀው ከኬሚስትሪው የንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ነው፤ የጨዋታው ስም ግን ከዐረብኛው ሻጥራንጅ፣ እርሱም ከሕንዱ ቻቱራንጋ የመጣ ነው።) እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት ተመልክቶ ጽፏል።

የጨዋታው መክፈቻ «ወረራ» ይባል ነበር። ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው በፈጠነ መጠን፣ ጦራቸውን በአንድ ጊዜ ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየም የራሱን ይለዋውጣል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ ይቀጥላል። አጨራረሱም ክብር ነበረው፤ ንጉሡን በፈረስ መማረክ እምብዛም አያስመሰግንም፣ በእግረኛ መማረክ ግን ያስወድሳል።

በአውሮፓ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ንግሥቲቱ በሁሉም አቅጣጫ እንድትሮጥ ሲፈቀድ፣ የእኛው ፈርዝ በሰያፍ አንድ እርምጃ ብቻ እየተራመደ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ዘለቀ። ከጣሊያን ወረራ (1928–1933 ዓ.ም.) ወዲህ ግን ጨዋታው እየተረሳ፣ ቦታውን ዓለም አቀፉ ቼዝ ያዘው። ሕጎቹን ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት መዝግበዋቸዋል።

የሚያስገርመው፣ የተረሳው ሐሳብ በሌላ በር መመለሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በእንግሊዝ የወጣው ዎርሀመር፣ በትናንሽ የብረት ምስሎች የሚካሄደው የምናባዊ ዓለም ጦርነት፣ አንዱ ሠራዊቱን በሙሉ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ቆሞ እንዲመለከት ያስገድድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውን ዱን ሁለትን የመሳሰሉ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ግን ተራን አስቀርተው ሁሉንም በአንድ ጊዜ አንቀሳቀሱ። ኮምፒዩተሩ ዳኛ ስለሆነ እጅ ከእጅ አይጋጭም።

በወረራ ጊዜ ግን ዳኛው የተጫዋቾቹ ዐይን ብቻ ነበር። እጆቹ ምን ያህል ይፈጥኑ እንደነበር፣ ጭቅጭቅ ሲነሣስ እንዴት ይበርድ እንደነበር ከሕጉ ጽሑፍ አይገኝም። ሽማግሌዎች በአቅራቢያችሁ ካሉ ጠይቁልን፤ የቼዝ ሰሌዳ ያላችሁ ደግሞ ንግሥቲቱን ፈርዝ አድርጋችሁ ወረራውን ሞክሩት።